ጫማ ልጦኝ በቃሬዛ የወረድሁ ዕለት

በጋዜጠኝነት ሥራዬ ብዙ ሕመምተኛ አነጋግሬአለሁ። ለሁሉም የማቀርበው አንድ ጥያቄ ነበረኝ፦ «ለምን ቶሎ ወደ ሕክምና አልመጣችሁም?» ሰዎቹ አንገታቸውን ሲደፉ «የጤና ግንዛቤ ማነስ» ብዬ እጽፍ ነበር። በደርግ ጊዜ እሠራበት በነበረው ጋዜጣ ላይ እንዲህ የሚል ጽሑፍ በስሜ ወጥቷል። ጽሑፉ በወጣ ብዙም ሳይቆይ እኔ ራሴ እግሬን ላጣ ደርሼ ሐይቅ ከተማ ጤና ጣቢያ ተኛሁ። ለዚህ ያበቃኝ አዲስ ጫማ ነው። ተረከዜን ልጦኝ።

ይህን ታሪክ ለብዙ ጊዜ ሳልናገር የቆየሁት አፍሬ ነው። አሁንም አፍራለሁ። ነገር ግን ባልለመደው ጫማ ረጅም መንገድ የሚነሣ ሰው ዛሬም አይጠፋምና፣ ለእሱ ይጠቅም እንደሆነ የሆነውን እንደሆነ እጽፋለሁ።

ጫማው ጥቁር፣ ወፍራም ቆዳ፣ ተረከዙ እንደ እንጨት የደረቀ ነበር። ለአብዮት በዓል ሰልፍ ገዝቼው ከዚያ በኋላ ሳጥን ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ወደ ወሎ ልሄድ ስነሣ ባለቤቴ አልማዝ አየችኝ።

«ይሄን ቤት ውስጥ እንኳ ሳታለማምደው ተራራ ልትወጣበት ነው? ሸራውን ያዝ።»

«ሸራ ጫማ አድርጌ ሕዝብ ፊት ልቁም?» አልኋት። ከጫማው ጋር ስስ የናይሎን ካልሲ አደረግሁ። ናይሎን ላብ እንደማይጠጣና እርጥብ ቆዳ ቶሎ እንደሚላጥ ያወቅሁት ኋላ ነው።

መጀመሪያ ባቲ ቆላ ወርጄ አንድ ሳምንት ያህል በመኪና ስዘዋወር ሰነበትሁ። ባቲ መሄዴን ልብ በሉልኝ፣ ኋላ ይመጣል። ከዚያ በሐይቅ በኩል አልፌ ውጫሌ ገባሁ። ሥራዬ በአምባሰል ደጋ ገበሬዎች የሚሠሩትን እርከን አይቶ መጻፍ ነበር። መንገድ እንዲመራኝ ከገበሬ ማኅበሩ የተላከው እንድሪስ የሚባል ሰው ነው። ዕድሜው ከእኔ ስለሚበልጥ እንደ አገሩ ደንብ «አያ እንድሪስ» እለው ጀመር። ከመኪና ጎማ የተሠራ በረባሶ ተጫምቶ፣ ዱላውን በትከሻው አጋድሞ ዳገቱን እንደ ሜዳ ይሄደዋል።

መጀመሪያ የተሰማኝ ሕመም አይደለም፣ ሙቀት ነው። ተረከዜ ላይ ፍም እንዳስጠጉብኝ ያለ ሙቀት። ሰውነት «ቁም» የሚለው በዚህ ነው። በዚያች ሰዓት ተቀምጬ ጫማውን አውልቄ፣ እግሬን አናፍሼ፣ የሚፈገፍገውን ቦታ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኜ ቢሆን ኖሮ የምጽፈው ታሪክ ባልኖረኝ ነበር። ግን ከኋላችን ሌሎች ገበሬዎች ይመጣሉ፣ ሴቶች ተሸክመው ያልፉናል። መቀመጥ አፈርሁ።

«ጓድ፣ እንረፍ እንዴ? ትንሽ አነከሱሳ» አለ አያ እንድሪስ።

«የለም፣ ጠጠር ገብቶ ነው።»

«ታዲያ ያውጡታ። ጠጠር እንደሁ እንግዳ አይደል፣ አይከበር።»

ሳቅሁና መንገዴን ቀጠልሁ።

ቤቱ ስንደርስ ደጃፉ ላይ በረባሶውን አወለቀ። ውስጡ መስገጃ ተዘርግቷል፣ ማንም በጫማ አይገባም። ባለቤቱ ዘሃራ ለብ ያለ ውሃ በማንቆርቆሪያ፣ ከሥሩም ሳፋ ይዛ ወጣች። በአገሩ ከሩቅ የመጣ እንግዳ እግሩን ይታጠባል። ከምግቡም ከጨዋታውም በፊት ውሃው ይቀድማል። አያ እንድሪስ እጅጌውን ሰብስቦ ፊቴ በርከክ አለ።

«እግርዎን ወዲህ።»

ካልሲዬ እርጥብ ነበር። ሽታው ለራሴም ይሰማኛል። ደም መንካቱንም አውቄአለሁ። ይህን ከማሳየት ሌላ ነገር ማለት ቀለለኝ።

«አይ፣ እሱ ይቅር። እግር ማጠብ የፊውዳል ሥርዓት ነው። አሁን ሁላችን እኩል ነን» አልሁት።

«እኩልማ ነን» አለ ሳይነሣ። «ነገ እኔ አንቱ ቤት ስመጣ አንቱ ያጥቡኛላ።»

«እንዲያም ቢሆን ይቅር።»

ከነጫማዬ በሩ አጠገብ ካለው መደብ ጫፍ ላይ ተቀመጥሁ፣ እግሬ ወደ ውጭ ተዘርግቶ። ዘሃራ ጥቂት ቆመችና ውሃውን ወስዳ ከአጥሩ ሥር ደፋችው። ስትደፋው ድምፁ ተሰማኝ። ክርስቲያን መሆኔን ከስሜ አውቀውታል። በወሎ ለክርስቲያን እንግዳ እስላም ቤት ማርና ወተት፣ ሽሮና ንፍሮ ይቀርባል። ሥጋ የማያቀርቡት እንዳያስቸግሩት ነው። እስላም እንግዳም ክርስቲያን ቤት ሲያድር እንዲሁ ነው። ውሃ ግን ይህ ሁሉ አይነካውም። ውሃ የመለሰ እንግዳ ቤቱን ጠልቷል ማለት ነው። ይህን አውቅ ነበር። አውቄ ዝም አልሁ።

በማግስቱ ማለዳ ከቤቱ ጀርባ ቁልቋሉን ተገን አድርጌ ጫማዬን አወለቅሁ። ተረከዜ ላይ ውሃ የቋጠረው ፈንድቷል፣ ሁለት ጣቶቼም ውሃ ቋጥረዋል። የተንጠለጠለውን ቆዳ ላጥሁና ጣልሁት። ንጹሕ ይሆናል ብዬ ነው። ሥሩ እንደ ጥሬ ሥጋ ቀይ ነበር። ከቦርሳዬ የራሴን ጋዜጣ አውጥቼ አንዱን ገጽ አጣጥፌ በቁስሉና በጫማው መካከል ከተትሁ። እንደ ትራስ ይሆነኛል አልሁ።

እርከኑ ላይ ስንዘዋወር ሰነበትን። ገበሬዎቹ ድንጋይ ሲያቀባብሉ እየዞርሁ እጠይቃለሁ፣ እጽፋለሁ። እግሬ ከማበጡ የተነሣ አንዴ ካወለቅሁት ተመልሶ አይገባልኝም ብዬ ጫማውን ማውለቅ ተውሁ፣ ማታም በተሰጠችኝ የእንግዳ ጎጆ ከነጫማዬ እተኛለሁ። ከዚያ ብርድ ብርድ ይለኝ ጀመር፣ ራሴን ያመኛል፣ አፌ መረረ።

ከመንደሩ ዝቅ ብሎ አንድ ክሊኒክ ነበር፣ እዚያ ወረድሁ። ግድግዳውን ተደግፈን በተራ ተቀመጥን። እሾህ የወጋት ሴት እግሯን ዘርግታ ዝንቡን በቅጠል ታባርራለች። አንድ ሽማግሌ ማጭድ የቆረጠውን ጣቱን ፈትቶ ለሰው ሁሉ ያሳያል። ቁስሉን የሚደብቅ አንድ ሰው አልነበረም፣ ከእኔ በቀር።

«አንቱስ፣ ምንዎን ነው?» አለችኝ ሴቲቱ።

«ራሴን ነው።»

«አብሽር። ራስ ይሻላል፣ እግር ነው እንጂ ክፉ፣ ከሥራ ያስቀራል።»

ጤና ረዳቱ ትኩሳቴን ለካ። ከየት እንደመጣሁ ጠየቀኝ፣ ባቲ ቆላ ሰንብቼ እንደመጣሁ ነገርሁት።

«እንግዲያ ወባ ሊሆን ይችላል። ሌላ የሚያምዎት ቦታ አለ?»

«የለም።»

የወባ ኪኒን ሰጠኝ። ሰውዬው አላጠፋም፣ በነገርሁት ልክ አከመኝ። ኪኒኑ ሰውነቴን አሳከከኝ፣ ሆዴን አገላበጠው። ትኩሳቱ ግን ባሰ።

ቀጥሎ ብሽሽቴ አበጠ፣ ስራመድ እንደ ድንጋይ ይከብደኛል። ለአያ እንድሪስ ይህን ብቻ ነገርሁት።

«ንፍፊት ነዋ» አለ። «ንፍፊት ደግሞ ከእግር ነው የሚነሣ። እግርዎን ተመትተዋል?»

«አልተመታሁም።»

ጫማዬን አየ፣ እኔን አየ። «አላህ ያሽርዎት» ብሎ ወጣ። ዘሃራ ጨርቅ በሙቅ ውሃ ነክራ በደጅ በኩል ላከችልኝ። እሷ ራሷ አልገባችም።

ንፍፊት ምን እንደሆነ ኋላ ነው የተረዳሁት። እግር ሲመረቅዝ ብሽሽት ላይ ያሉት ዕጢዎች ተዋስያኑን ለመያዝ ሲታገሉ ያብጣሉ። ስለዚህ ብሽሽትን አሽቶ እግርን መተው በሩን ከፍቶ መስኮት እንደመዝጋት ነው።

በመጨረሻ እርከኑ ላይ ሰዎች ተሰብስበው ስለ ምርቱ ሲያስረዱኝ ዓይኔ ጨለመብኝና ወደቅሁ። ደግፈው ቤት አስገቡኝ። ስነቃ አያ እንድሪስ እግሬ ሥር ተቀምጧል።

«ዘሃራ፣ ውሃ አሙቂ» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ «አንተ» አለኝ። «እንግዲህ ስለ እኩልነቱ ተኝተህ ተሟገተኝ።»

የጫማውን ማሠሪያ በቢላዋ ቆረጠው። ጫማው ሲወጣ ሽታው ቤቱን ሞላው። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዞርሁ። ካልሲው ከቁስሉ ጋር ተጣብቋል፣ እያራሱ ቀስ እያሉ አነሡት። ከሥሩ ሌላ ነገር ወጣ።

«ይኼ ደሞ ምንድን ነው?» አለች ዘሃራ።

«ጋዜጣ ነው» አልሁ ከግድግዳው ሳልዞር።

«ቁስል ያነባል እንዴ?»

አያ እንድሪስ ሳቁን ሊይዝ ሞከረ፣ አልቻለም። እሷም ሳቀች። እኔ አልሳቅሁም። የሥራዬ ገጽ በመግል ርሶ ሳፋው ላይ ተንሳፍፎ ነበር።

ተረከዜ ዳር ዳሩ ጠቁሯል፣ መሐሉ መግል ይዟል። ከቁርጭምጭሚቴ ተነሥቶ በቅልጥሜ በኩል ቀይ መሥመር ወደ ጉልበቴ ይወጣል። ከጎረቤት የመጣ አንድ ሰው አመድ እንነስንስበት አለ፣ ሌላው ቅቤ። አያ እንድሪስ መሥመሩን በጣቱ ተከትሎ አየው።

«ይሄስ የኛ አይደለም» አለ። «ቅሬውን ጥሩ።»

ቅሬ በወሎ መንደር ሁሉ ያለ የመረዳጃ ማኅበር ነው። የሞተ ይቀብራል፣ የታመመ ይሸከማል። ጥሪው እንደተሰማ ወንዶቹ ሥራቸውን ጥለው መጡ፣ ቃሬዛውን አወጡ፣ በጋቢ አስረው ጫኑኝ። ዕለቱ የውጫሌ ገበያ ነበር። በአገሩ ቃሬዛ ያጋጠመው መንገደኛ ሸክሙን አስቀምጦ ተራ ሳይሸከም አያልፍም። ታማሚው ማን ይሁን ማን፣ ትከሻውን ይሰጣል። እየተሸከመ ደግሞ ይጠይቃል።

«አላህ ያሽረው። ምን ነክቶት ነው?»

«ጫማ» አለ ከፊት የተሸከመው።

«እ?»

«ጫማ ነው የላጠው።»

ሰውዬው ትከሻ ለወጠ። «የማን ጫማ?» አለ ሰውዬው።

«የራሱ።»

በየመታጠፊያው ይህ ንግግር ተደገመ። አንዲት ክርስቲያን እናት ከሩቅ አይታ ወላድ መስሏት «ማርያም ማርያም» እያለች ቀረበችና ጢሜን አየች። «አበስኩ ገበርኩ! ምጥ መስሎኝ» አለች፣ ተሸካሚዎቹ ከሳቃቸው የተነሣ ቃሬዛውን ሊያወርዱት ነበር። በጋቢው ፊቴን ሸፈንሁ።

«ፊቱን አትሸፍኑት» አለ አንዱ ከኋላ። «ሬሳ መስሎ ሰው ያስለቅሳል።»

ገለጡኝ። እንዲሁ ፊቴ ተገልጦ፣ ሰማይ ሰማዩን እያየሁ ያን ሁሉ ቁልቁለት ወረድሁ። እየሳቁ ወሰዱኝ። ሳይሸከመኝ ያለፈ ሰው ግን አልነበረም። በሬ ሻጩም፣ ጌሾ የጫነውም፣ የመስጊዱ ሽማግሌም ተራቸውን ተሸከሙ። በዚያ መንገድ ላይ ከሁሉ የከበደኝ ይህ ነው። ቢሰድቡኝ ይቀለኝ ነበር።

ከውጫሌ እህል በጫነ መኪና ሐይቅ ደረስሁ። ጤና ጣቢያው ውስጥ የተቀበለችኝ ሲስተር እግሬን ገልጣ ስታየው ፊቷ አልተለወጠም። ብሽሽቴን ነካች፣ ቀዩን መሥመር አየች። ከዚያ ያንን ጥያቄ ጠየቀችኝ።

«ለምን ቶሎ አልመጣህም?»

አንገቴን ደፋሁ። ሲስተሯም ሥራዋን ቀጠለች።

ኋላ ቁጭ ብላ አስረዳችኝ። ከቁስሉ የተነሣው ምርቀዛ ወደ ደሜ እየገባ ነው። ፔኒሲሊን በመርፌ ይሰጠኛል፣ እግሬ ከፍ ብሎ ይሰቀላል። የተረከዙ ጥቁረት ከቆመ ይድናል። ከሰፋ ደሴ ሆስፒታል እሄዳለሁ፣ እዚያ የሚቆረጥ ነገር ሊኖር ይችላል። «ጣት ብቻ ሊሆን ይችላል፣ እግርም ሊሆን ይችላል። ዛሬ ላውቅ አልችልም» አለች። ከዚያ እስክሪብቶዋን አውጥታ ቀዩ መሥመር የደረሰበት ቦታ ላይ፣ ከጉልበቴ በታች፣ አንድ ሰረዝ ጻፈች። «ከዚህ እንዳያልፍ እናያለን።»

በሕይወቴ ብዙ ጽሑፍ አንብቤአለሁ፣ እንደዚያች ሰረዝ ግን ያነበብሁት የለም። በማግስቱ ጠዋት ቀዩ ሰረዙን አልፎ ነበር። ሲስተሯ ከፍ አድርጋ ሌላ ሰረዝ ጻፈች። ሌሊቱን እግር አልባ ሆኜ ቢሮ ስገባ፣ ሰው «በየትኛው ጦር ግንባር ነው?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ እኔም «ጫማ» ስል እያሰብሁ አነጋሁ። በጎኔ የተኛው ዓሣ አጥማጅ ቤተሰቡ ከሚያመጡለት ሾርባ ያካፍለኝ ነበር። ስለ ሕመሜ ጠይቆኝ አያውቅም። ሰምቶ ይሆናል።

አልማዝ ሰምታ በአውቶቡስ መጣች። እግሬን ስታየው በአፏ የነጠላዋን ጫፍ ያዘች። ከዘንቢሏ የሸራ ጫማዬን አውጥታ አልጋው ሥር አስቀመጠችው።

«ቢሮ ደውለው ነበር። ምን ልበላቸው?» አለችኝ።

«ወባ በያቸው።»

«ያልደረሰብህን በሽታ እኔ አላወራልህም» አለችና ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ካለው አግዳሚ ወንበር ተቀመጠች። እስኪመሽ አልተመለሰችም። ጠርቼ «እውነቱን ንገሪያቸው» እስክላት ድረስ አልተነጋገርንም።

ከዚያ አንድ ጠዋት ቀዩ ሰረዙ ላይ ቆሞ አገኘነው። በሚቀጥለው ጠዋት ከሰረዙ ዝቅ ብሎ ነበር። ሲስተሯ እስክሪብቶዋን ኪሷ መለሰች። ጥቁሩ ቆዳ ቀስ በቀስ ተገፍፎ ወደቀ፣ ሥሩ ሮዝ ሥጋ ታየ። ተረከዜ ላይ ጎድጓዳ ጠባሳ ቀረ። እግሬ ግን የእኔው ሆኖ ቀረ።

እያሰረችልኝ የነገረችኝን እዚህ ላስቀምጠው። ውሃ የቋጠረ ቆዳ ካልፈነዳ አይነካ፣ ከላይ ያለው ቆዳ ራሱ ከማንኛውም ፋሻ ይበልጣል። ለመራመድ እጅግ ካስቸገረ በእሳት ባለፈ መርፌ ዳሩን ብቻ ወግቶ ውሃውን ማፍሰስ ነው፣ ቆዳው አይላጥ። የፈነዳውን በንጹሕ ውሃና በሳሙና አጥቦ በንጹሕ ጨርቅ መሸፈን፣ ጨርቁንም በየቀኑ መለወጥ ነው። ቀይ መሥመር፣ ትኩሳት፣ የብሽሽት እብጠት ከመጣ ግን ማሸትም አመድም አይሆንም፣ ወደ ሐኪም ነው። እኔ የምጨምርላት አንድ ነው፦ የሚያክምህ ሰው «ሌላ የሚያምህ አለ?» ሲልህ ጫማህን አውልቅ።

ልወጣ ስቃረብ አያ እንድሪስ ሊጠይቀኝ መጣ። ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ የእርከኑን፣ የዝናቡን አወራኝ። ከዚያ ድምፁን ቀነሰ።

«ዘሃራ አንድ ነገር ጠይቀው ብላኛለች። ውሃውን የመለስኸው ቤቱ የእስላም ስለሆነ ነው ወይስ ለእግርህ ነው?»

«እግሬ ይሸት ስለነበር ነው በላት።»

«መሽተቱንስ አገሩ ሁሉ ሰምቷል» አለ። «እሷ የምትፈልገው ከአፍህ ነው። በሰው አፍ የመጣ መልስ አትቀበልም።»

«እንግዲያ እኔው እነግራታለሁ።»

ሲስተሯ መራመድ ስትፈቅድልኝ ከውጫሌ በበቅሎ ወጣሁ። አልማዝም አብራኝ ነበረች። የሸራ ጫማ በወፍራም የጥጥ ካልሲ አድርጌአለሁ። ዘሃራ ከደጅ ስታየን ሰላምታ ሰጥታን ገባች፣ በማንቆርቆሪያ ውሃ ይዛ ወጣች። አያ እንድሪስ ሳፋውን አስቀመጠና በርከክ አለ።

«ዘሃራ» አልኋት፣ «ያን ቀን ውሃሽን የመለስሁት እግሬ ቆስሎ፣ ሸትቶ፣ እንዳታዩብኝ አፍሬ ነው። ሌላ ምክንያት አልነበረውም። የፊውዳል ሥርዓት ያልሁት ውሸት ነው።»

«ታዲያ እንዲያ አትለኝም ኖሯል?» አለች። «እኔ ደሞ ማንቆርቆሪያውን ሦስቴ አጥቤው ነበር። እሱ ቆሽሾ ይሆን ብዬ።»

ጫማዬን አወለቅሁ። ዘሃራ ታፈሳለች፣ አያ እንድሪስ ያጥባል። ጠባሳው ላይ ሲደርስ በአውራ ጣቱ ዳሰስ አደረገው።

«ይኼ ነው?»

«እሱ ነው።»

«ደህና ነው» አለ። ሌላውን እግሬን ከመደቡ ሥር ሰብስቤ ይዤው ነበር። አየውና እጁን ዘረጋ።

«እሱንም አምጣ።»